ሁለተኛው የምስክርነት ደብዳቤ

ሰገነት በላቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቷን ያየችው ሉማሜ፣ አባቷ የልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ቆማ ነው። ሁለት ቀን ጠፍቶ የሰነበተው ኔትወርክ ለጥቂት ደቂቃ መጣ፤ ቁጥሩን አየች፤ ወዲያው ተመልሶ ጠፋ። አባቷ አቶ በላቸው የስፌት መኪናቸውን አቁመው ፊቷን ፊቷን ያዩ ነበር።

«እንዴት ነው?» አሏት።

«አልፌያለሁ አባባ። በደንብ ነው ያለፍኩት።»

አቶ በላቸው ወጡና ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

ደስታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሉማሜ ወጣ ብሎ ያለው ትምህርት ቤቷ በጸጥታው ችግር ሁለት ጊዜ ለወራት ተዘግቷል። ከአስተማሪዎቹ ግማሹ ጥለው ሄደዋል። ከዚያ ሁሉ ተፈታኝ ያለፉት አሥራ አንድ ብቻ ሲሆኑ ከአሥራ አንዱም ትልቁ ውጤት የእሷ ነበር።

ጥቅምት ላይ ደብረ ማርቆስ ሄዳ አንድ ማስታወቂያ አነበበች። ባሕር ማዶ ያለ ኮሌጅ ጥቂት አፍሪካውያን ተማሪዎችን ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ ያስተምራል ይላል። ከውጤቷ ሌላ ስለ ራሷ የምትጽፈው ጽሑፍና ሁለት የምስክርነት ደብዳቤዎች ያስፈልጋሉ። አንዱ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ሌላው ቢያንስ ሁለት ዓመት ካስተማራትና አሁንም በሥራው ላይ ካለ የሳይንስ ወይም የሂሳብ መምህር። መምህራኑ ደብዳቤውን ራሳቸው በኢንተርኔት ይልካሉ እንጂ ተማሪው አያየውም። የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ አጋማሽ ነው።

የመጀመሪያው አላስቸገረም። ርእሰ መምህሩ አቶ ዓለምነው በአንድ ቀን ጽፈው ላኩላት። ችግሩ ሁለተኛው ነበር። የሂሳብ አስተማሪዋ ወደ ባሕር ዳር ከሄደ በኋላ ስልኩ አይነሳም። የፊዚክስ መምህርቷ አገር ለቃለች። የባዮሎጂው ማስተማር ትቶ እህል ይነግዳል። የቀሩት የኬሚስትሪው መምህር ጌቱ ብቻ ናቸው።

ሰገነት ወደ እሳቸው መሄዱን ከቀን ወደ ቀን ታስተላልፈው ነበር።

ነገሩ የአሥራ አንደኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና ቀን የሆነ ነው። ከኋላዋ የምትቀመጠው ሸጊቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ነበረች። የሸጊቱ አባት በዚያው ዓመት ሞተው አጎቷ ናቸው የሚያሳድጓት፤ «ዘንድሮ ከወደቅሽ ትምህርቱ ይበቃሻል» ብለዋታል። ፈተናው እየተገባደደ ሳለ ሸጊቱ ከኋላ ወንበሯን ነካ አደረገችው። ሰገነት ዞር ሳትል የመልስ ወረቀቷን ወደ ኋላ አቀበለቻት። መምህር ጌቱ አዩ። ሁለቱንም አስነሥተው ወረቀታቸውን ተቀበሉ። በደንቡ መሠረት ሁለቱም በፈተናው ዜሮ አገኙ።

ሰገነት የሌላው ትምህርት ውጤቷ ከፍተኛ ስለነበር ተዛወረች። ሸጊቱ ወደቀች። በመስከረም ትምህርት ቤት አልመጣችም፤ ደጀን አንድ ምግብ ቤት ገብታ ትሠራለች ተባለ። ሰገነት አንድም ቀን ሄዳ አላየቻትም። ለራሷም ለሰውም የምትለው አንድ ነበር፦ ጓደኛዬ ጨነቃት፣ ለመነችኝ፣ አዘንኩላት። እኔም ተቀጣሁ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደች። መምህር ጌቱ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወደ ባለቤታቸው ተጠቃለው ነበር፤ አሁንም ከዚያ እየተመላለሱ ያስተምራሉ። የአርባ ምንጭ ሰው ናቸው፤ ጎጃም ከመጡ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በሩን የከፈተችላት ባለቤታቸው ሂዊ ናት፤ የጤና ጣቢያ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ነበር።

«ተማሪያቸው ነሽ? ግቢ፣ በረንዳው ላይ ናቸው» አለቻት።

መምህር ጌቱ ግድግዳ ላይ ከተደገፈ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ደብተር ያርማሉ። ሲያዩዋት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰገነት። ውጤትሽን ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለሽ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቲቸር።»

እንድትቀመጥ ወንበር ሳቡላት። የመጣችበትን ነገረቻቸው። ቅጹን ከስልኳ ላይ ተቀብለው ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አነበቡ። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ አንድ ጥያቄ አለ» አሉ። «ተማሪዋ በፈተና ሥነ ምግባር ጥሰት ተቀጥታ ታውቃለች ወይ ይላል።»

ሰገነት መሬት መሬት አየች። «አይቼዋለሁ።»

«ምን ብዬ እንድመልስ ትፈልጊያለሽ?»

«ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ቲቸር። ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር የለብኝም።»

«የለብሽም። ያንንም እጽፋለሁ። ካስተማርኳቸው ሁሉ ጠንካራዋ አንቺ እንደሆንሽ እጽፋለሁ። አልተቀጣችም ብዬ ግን ልጽፍ አልችልም። የቀጣሁሽ እኔ ነኝ።»

«ከሌላው አገር ስንት ሺሕ ልጅ ነው የሚያመለክተው! ያን ካዩ የቀረውን አያነቡትም።»

መምህር ጌቱ ስልኳን መለሱላት። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ደግሞ ይብስ አስከፋት።

«ላይቀበሉሽ ይችላሉ። ሌላ የሚጽፍልሽ ካገኘሽ አልቀየምሽም። እኔ ከጻፍኩ የሆነውን ነው የምጽፈው። አስቢበትና ደውይልኝ።»

ሰገነት ተሰናብታ ወጣች። መነኻሪያው እስክትደርስ ድረስ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሄደች።

በማግስቱ ለአቶ ዓለምነው ነገረቻቸው። ርእሰ መምህሩ ትከሻቸውን ነቀነቁ።

«ጌቱ ግትር ነው። አዲስ የመጣው የኬሚስትሪ መምህር መሳፍንት አለ አይደል? እሱ ይፈርምልሻል። ሁለት ዓመት አስተምሬያታለሁ ይበል፤ እኔ ማኅተም አደርግበታለሁ። ከባሕር ማዶ መጥቶ የሚያጣራ የለም።»

«አንድም ቀን አላስተማረኝም እኮ።»

«ሰገነት፣ ይህ ዕድል ላንቺ ብቻ አይደለም፤ ለትምህርት ቤቱም ነው። ስንት ነገር አልፈን እዚህ እንደደረስን አንቺም ታውቂያለሽ።»

አስብበታለሁ ብላ ወጣች። ቤት ስትደርስ ለአባቷ ሁሉንም አጫወተቻቸው። አቶ በላቸው የሰው ሱሪ በእጃቸው እየሰፉ አዳመጧት።

«እኔ የዚህን ቅጽ ነገር አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «እኒያ ሰውዬ ሊጽፉት ያሉት ግን ውሸት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትፈሪው?»

«እውነት ስለሆነ ነው የምፈራው፣ አባባ።»

አቶ በላቸው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ሱሪውን አጥፈው አስቀመጡ። «ያቺ ልጅስ?» አሉ። «ሸጊቱ። እዚህ ቤት ስንት ጊዜ በልታ አድራለች። ደብዳቤው የእሷንም ስም ያነሣል እኮ። ጠይቀሻታል?»

ሰገነት ያን አላሰበችውም ነበር። ሸጊቱን ካየች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደጀን ሄደች። በግራና በቀኝ ያለው ጤፍ ግማሹ ታጭዷል። ደጀን መግቢያ ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ለመውረድ ተራ የሚጠብቁ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ሾፌሮቹ ጎማ እየመቱ ይፈትሻሉ። ምግብ ቤቱን ሁለት ሰው ጠይቃ አገኘችው፤ በቆርቆሮ የተሠራ፣ በሩ በመጋረጃ የተሸፈነ ነው።

ሸጊቱ አራት ሳህን ደራርባ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ተያዩ። ከስታለች፤ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላዋለች። ሳህኖቹን ለሾፌሮቹ አቅርባ፣ ጠረጴዛ ወልውላ፣ ከዚያ ነው ወደ እሷ የመጣችው።

«የሚበላ ነገር ልስጥሽ?»

«አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሸጊቱ እጇን በሽርጧ አደራረቀች። «አሥር ደቂቃ አለኝ» አለችና ይዛት ወደ ጓሮ ወጣች። የተደረደረ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ሰገነት ስለ ውጤቷ፣ ስለ ኮሌጁ፣ ስለ ደብዳቤው ነገረቻት። የምትፈልገውን ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

«መምህር ጌቱ ያን ነገር ሊጽፉት ነው። ስምሽም ይነሣል። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ያኔ አንቺም ጨንቆሽ ለመንሽኝ፣ እኔም…»

«ማን ለመነሽ?»

ሰገነት የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ማን ለመነሽ ሰገነት?» ሸጊቱ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እስከ ዛሬ ለሰው ስትናገሪ የኖርሽው እንደሱ ነው?»

«ወንበሬን ነካሽው እኮ።»

«እግሬን ሳስተካክል ነው የነካሁት። አንድ ጥያቄ ነበር የቀረኝ። ለዚያ ፈተና አንድ ወር ሙሉ ነው ያጠናሁት፤ አጎቴ ያን ካሉኝ በኋላ በመብራትም በኩራዝም አጥንቻለሁ። ያንቺ ወረቀት እላዬ ላይ ዱብ ሲል ደነገጥኩ። ልመልስልሽ ሳነሣው መምህሩ አዩኝ። አላነበብኩትም። አንድ ቃል አላነበብኩም።»

«ሸጊቱ…»

«ተይ፣ ልጨርስ። መምህሩ ሲያስነሡን ‹እኔ አልጠየቅኋትም› አልኩ። ሰምተሽኛል። ዞሬ አየሁሽ፤ ‹እውነቷን ነው› ትያለሽ ብዬ ነበር። አንገትሽን ደፋሽ።»

ሰገነት ትዝ አላት። ቃሉም፣ የሸጊቱ ፊትም፣ እሷ ዓይኗን የተከለችበት የዴስኩ ስንጥቅም ሳይቀር ትዝ አላት። ረስታው አልነበረም። ለሁለት ዓመት ሌላውን ታሪክ ደጋግማ በመናገር ይህኛውን ደብቃው ነበር።

«ለምን መጥተሽ አልጠየቅሽኝም?» አለች፤ ወዲያው ግን በራሷ ጥያቄ አፈረች።

«እኔ ነኝ የምመጣው?»

ከውስጥ «ሸጊቱ!» የሚል ጥሪ ተሰማ። ሸጊቱ ተነሣች።

«ይጻፉ» አለች። «ስሜም ይነሣ። ካነሡት ግን የሆነውን ይጻፉ።»

ሰገነት ወደ ሉማሜ አልተመለሰችም። ከደጀን በቀጥታ ደብረ ማርቆስ ገባች። መምህር ጌቱ ደጃቸው ላይ ቆማ ሲያዩዋት «ወሰንሽ?» አሏት።

«ቲቸር፣ ያላሳወቅሁዎት ነገር አለ» አለች፤ ቆማ እንደሆነች ሁሉንም ተናገረች። ሸጊቱ አለመጠየቋን፣ ወረቀቱን አለማንበቧን፣ «አልጠየቅኋትም» ስትል እሷ ዝም ማለቷን።

መምህር ጌቱ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሂዊ ከውስጥ ብቅ ብላ ፊታቸውን አይታ ተመልሳ ገባች።

«ብላኛለች» አሉ መምህር ጌቱ። «‹እኔ አልጠየቅኋትም› ብላኛለች። ሁሉም የሚለው ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለታችሁን ለየብቻ ጠርቼ መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር።»

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ያንቺ ድርሻ ያንቺ ነው። የኔን ለኔ ተዪልኝ።»

ሰኞ መምህር ጌቱ ትምህርት ቤት ሄደው መዝገብ ቤቱን አስከፈቱ። የዲሲፕሊን ጉዳይ የሆኑ ወረቀቶች ለብቻ ይቀመጡ ስለነበር የሸጊቱ የመልስ ወረቀት ከነቃለ ጉባኤው ተያይዞ ተገኘ። ከሰገነት ወረቀት ጋር አስተያዩት። ሸጊቱ የሳተቻቸው ጥያቄዎች ሰገነት ትክክል የመለሰቻቸው ነበሩ፤ ሁለቱ የስሌት ጥያቄዎችንም ሸጊቱ የሠራችው በሌላ መንገድ ነው። ከሰው የተገለበጠ አንድም መስመር የለበትም። መምህር ጌቱ ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው በሁለት ዓመቱ አረሙት። ከሃምሳው ሠላሳ አራት አገኘች። በዚህ ውጤት ታልፍ ነበር።

አቶ ዓለምነው አልወደዱትም። «የድሮ መዝገብ ከፍተን ማርክ መለወጥ ከጀመርን ማቆሚያ የለውም» አሉ።

«ማርክ አልለወጥኩም» አሉ መምህር ጌቱ። «ሳላርም የተውኩትን ነው ያረምኩት። ስህተቱ የኔ ነው ብላችሁ በቃለ ጉባኤ ያዙት፤ እፈርምበታለሁ።»

ሰገነትም የሆነውን በጽሑፍ ሰጠች። የትምህርት ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ በመጨረሻ ተስማማ። የሸጊቱ ውጤት በክፍሉ የውጤት መዝገብ ላይ ተስተካክሎ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መዛወሯ ተመዘገበ።

ደብዳቤውን መምህር ጌቱ የላኩት የማመልከቻው ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እንዳታየው ቅጹ ስለሚከለክል አላሳዩዋትም፤ ሰገነትም አልጠየቀችም። ስለ ራሷ የምትጽፈውን ጽሑፍ ግን ቀድማ ያዘጋጀችውን ትታ እንደገና ጻፈችው። ስለ ሸጊቱ ጻፈች። ሦስት ሌሊት ወስዶባታል።

መልሱ የመጣው መጋቢት ላይ ነው። ያኔ ሰገነት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ አንደኛ ዓመት ትማር ነበር። አጭር ነው፤ አመልካቾች ብዙ እንደነበሩ፣ በዚህ ዓመት ሊቀበሏት እንዳልቻሉ ይናገራል። ምክንያት አልጻፉም። በመምህር ጌቱ ደብዳቤ ይሁን፣ በራሷ ጽሑፍ ይሁን፣ ወይም ከእሷ የሚበልጡ ስለነበሩ ይሁን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። መኝታ ክፍሏ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። ከዚያ አባቷ ጋር ደወለች።

«አልሆነም፣ አባባ።»

«እህል በልተሻል?» አሏት።

«አልበላሁም።»

«ሄደሽ ብይ። እሑድ እመጣለሁ።»

ለፋሲካ ቤቷ ስትሄድ መንገድ ቀጥላ ደጀን ደረሰች። አዲሱ የሸጊቱ የውጤት ካርድ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበርና እንድታደርስላት ተቀብላዋለች። ሸጊቱ እጇን ታጥባ ካርዱን ያዘች። ኬሚስትሪ የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አጥፋ ልብሷ ውስጥ ደረቷ ላይ ከተተችው።

«መምህር ጌቱ መጥተው ነበር» አለች። «በጥር። እዚህ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቆመው ይቅርታ ጠየቁኝ። ተቀመጡ ብላቸውም እምቢ አሉ። አፈርኩ፤ ትልቅ ሰው ናቸው።»

«አልነገሩኝም።»

«ያ የውጭ አገሩስ? ተሳካልሽ?»

«አልተሳካም።»

ሸጊቱ አየቻት። በፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም። «አዝናለሁ» አለች። «ከልቤ ነው። በትምህርት ጎበዝ ነሽ፤ ይገባሽ ነበር።»

«ሸጊቱ፣ እኔም ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ሸጊቱ ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረችው።

«እሳቸውን ይቅር ብያለሁ» አለች። «አያውቁኝም ነበር፤ ከመቶ ተማሪ አንዷ ነኝ። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ። ላንቺ ጊዜ ስጪኝ።»

«እሺ።»

«ዋሽቼ ይቅር ብያለሁ ብልሽ ደስ አይልሽም።»

«አይለኝም» አለች ሰገነት።

ሾፌሮች ገቡ፤ ሸጊቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሰገነት ጥቂት ቆማ ከዚያ ወጣች።

በመስከረም ሸጊቱ ደጀን የማታ ትምህርት ተመዘገበች። ሰገነት ይህን የሰማችው ከመምህር ጌቱ ነው። አልደወለችላትም፤ ጊዜ ስጪኝ ስላለቻት ጠበቀች። ጥቅምት አለፈ። ኅዳር ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከክፍል ስትወጣ ስልኳ ላይ አጭር መልእክት አገኘች። ሰላምታ የለውም።

«ኬሚስትሪ ላይ ሞል የሚባለው ነገር አልገባኝም። አስተማሪው በጣም ይፈጥናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም።»

ሰገነት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እመጣለሁ» ብላ መለሰች። ቅዳሜ ጠዋት ደብተሯን ይዛ መነኻሪያ ወረደች፤ ወደ ደጀን የሚሄደው ሚኒባስ አንድ ሰው ቀርቶት እየጠበቀ ነበር።